ካርድ፣ ሰልፍና ወፍጮ፦ በስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የዕለት ኑሮና አስተዳደር

ከአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከአስኮ ተነሥቶ በቡራዩና በሆለታ በኩል ወደ አምቦና ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ቅርንጫፎቹ መጨረሻቸው አሶሳና ጋምቤላ ናቸው፤ በእነዚህ ሁለት ከተሞች ዙሪያ ደግሞ ኢትዮጵያ ለአያሌ ዐሥርት ዓመታት ያስጠለለቻቸው የሱዳንና የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሚኖሩባቸው መጠለያ ጣቢያዎች ይገኛሉ። በሶማሌ ክልል፣ በአፋር፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአማራ ክልል ያሉት ሲጨመሩ በአገሪቱ የተመዘገቡት ስደተኞች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው፤ ይህም ኢትዮጵያን ከአፍሪካ ብዙ ስደተኛ ከሚያስተናግዱ ጥቂት አገሮች ተርታ ያሰልፋታል። የከተማ ሰው ስለእነዚህ ጣቢያዎች የሚሰማው ብዙውን ጊዜ አዲስ ጦርነት ሲነሣ ወይም ዕርዳታ ሲቋረጥ ነው፤ በሁለቱ መካከል ባለው ረጅም ጊዜ ውስጥ ሰዎቹ እንዴት እንደሚተዳደሩ፣ ማን እንደሚያዝዛቸው፣ ምን በልተው እንደሚያድሩ ግን እምብዛም አይነገርም።

መጠለያ ጣቢያ ከሩቅ ሲታይ መንደር ይመስላል፤ ጎጆ አለው፣ ገበያ አለው፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አለው። ከመንደር የሚለየው በሚታየው ነገር ሳይሆን በማይታየው ነው። ነዋሪው የመሬት ይዞታ የለውም፣ ግብር አይከፍልም፣ ምክር ቤት አይመርጥም፤ በመንደሩ ውስጥ ያለው ቦታ የሚታወቀው በሥራው ወይም በርስቱ ሳይሆን በመዝገብ ላይ በሰፈረው የቤተሰብ ቁጥሩ ነው። እህሉ፣ ሳሙናው፣ ብርድ ልብሱ፣ የመውጫ ፈቃዱ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ተስፋው ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ መዝገብ ስለሆነ፣ የጣቢያን ኑሮ ለመረዳት ከድንኳኑ ይልቅ ከካርዱ መጀመር ይሻላል።

ይህ የአሠራር ሥርዓት መልኩን የያዘው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ ኅዳር 1943፣ የ44 አገሮች ተወካዮች በዋሽንግተን ተገናኝተው የተባበሩት መንግሥታት የዕርዳታና የመልሶ ማቋቋም አስተዳደር የተባለውንና በአጭር ስሙ ኡንራ የሚታወቀውን ድርጅት መሠረቱ፤ ከፈራሚዎቹ አንዷ ከፋሽስት ወረራ ነፃ ከወጣች ሦስት ዓመት ያልሞላት ኢትዮጵያ ነበረች። ግንቦት 1945 በአውሮፓ ጦርነቱ ሲያበቃ በጀርመን፣ በኦስትሪያና በኢጣልያ ምድር በግዳጅ ሥራ የተጋዙ፣ ከጦር ምርኮ የተለቀቁ፣ ከማጎሪያ ካምፕ የተረፉ ሚሊዮኖች ተበትነው ተገኙ። አብዛኞቹ እስከ ዓመቱ መጨረሻ በባቡርና በጭነት መኪና ወደየአገራቸው ተመለሱ፤ አንድ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት ግን፣ ማለትም ፖላንዳውያን፣ ዩክሬናውያን፣ የባልቲክ አገሮች ሰዎችና ከዕልቂት የተረፉ አይሁድ፣ የሚመለሱበት ቤት ስላልነበራቸው ወይም የሚመለሱበትን መንግሥት ስለፈሩ ባሉበት ቀሩ።

መጠለያ የሆናቸው የተገኘው ሁሉ ነበር። በባቫሪያ ያለው የላንድስበርግ ጣቢያ የጀርመን ጦር ሰፈር ነበር፤ በሙኒክ አቅራቢያ ያለው ፎረንቫልድ በጦርነቱ ጊዜ ለጥይት ፋብሪካ ሠራተኞች የተሠራ መኖሪያ ነበር፤ በቤርገን ቤልዘን ደግሞ የተረፉት ሰዎች የሰፈሩት ከማጎሪያ ካምፑ አጠገብ ባለ የጦር ሠራዊት ሰፈር ውስጥ ነበር። ጥበቃውና አቅርቦቱ በአሸናፊዎቹ ጦር እጅ ሲሆን፣ የዕለቱን አስተዳደር የሚያካሂደው ለሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ከተመደቡ ጥቂት ሠራተኞች የተውጣጣ የኡንራ ቡድን ስለነበር፣ ሥራው ያለ ነዋሪዎቹ እገዛ የሚሞከር አልነበረም። ስለዚህ ነዋሪዎቹ ኮሚቴ መረጡ፣ የራሳቸውን ጠባቂ ፖሊስ አቋቋሙ፣ የወጥ ቤቱንና የመጋዘኑን ቁልፍ ያዙ፣ ጋዜጣ አሳተሙ፣ ቴያትር አሳዩ፣ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ከባልቲክ አገሮች የመጡ ምሁራን ጭራሽ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እስከማቋቋም ደረሱ። ሰው እንደደረሰ ቅማልንና ተስቦን ለመከላከል ዲዲቲ ዱቄት ይነፋበታል፣ ይመዘገባል፣ ካርድ ይሰጠዋል፤ ካርዱ ከሌለ ሾርባም የለም። ከራሽን የተረፈውና ከቀይ መስቀል ጥቅል የወጣው ሲጋራ ከገንዘብ ይልቅ ስለሚታመን ገበያው የሚካሄደው በእርሱ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ኑሮው የነፃ ሰው ኑሮ አልነበረም። በ1945 ክረምት በፕሬዚዳንት ትሩማን የተላከው አሜሪካዊው የሕግ ሰው ኧርል ሃሪሰን አይሁድ ተራፊዎች በሽቦ አጥር ውስጥ፣ በጠባቂ ሥር፣ አንዳንዶቹም የእስር ቤት ልብሳቸውን እንደለበሱ መሆናቸውን በሪፖርቱ ገልጾ ጉዳዩ ትልቅ ቁጣ ቀሰቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ለአይሁድ የተለዩ ጣቢያዎች ተዘጋጁ፣ የምግቡም መጠን ከፍ አለ። በ1947 ሥራውን ከኡንራ የተረከበው ዓለም አቀፍ የስደተኞች ድርጅት እስከ 1951 መጨረሻ ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ወደ አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ እስራኤል፣ ወደ ካናዳና ወደ ሌሎች አገሮች አሻገረ። መራጮቹ አገሮች ደረትን በራጅ ያዩ ነበር፣ ጉልበት ይመረምሩ ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው፣ አካሉ የጎደለው፣ ያረጀው ወደ ኋላ ይቀር ነበር። በጀርመን ከነበሩት የአይሁድ ተፈናቃዮች ጣቢያዎች የመጨረሻው ፎረንቫልድ የተዘጋው በ1957 ሲሆን፣ እስከዚያ የቆዩት በአብዛኛው ማንም ያልመረጣቸው ሰዎች ነበሩ።

የአውሮፓው ታሪክ እዚህ ላይ መነሣቱ ለጌጥ አይደለም። ምዝገባው፣ የራሽን ካርዱ፣ የነዋሪዎች ኮሚቴው፣ በካሎሪ የሚለካው ምግብ፣ የሦስተኛ አገር ምርጫው ሁሉ ዛሬ በጋምቤላ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ናቸው፤ አብሯቸው ያልመጣው ፍጻሜው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤት በጥር 1951 ሥራ ሲጀምር የተሰጠው ዕድሜ ሦስት ዓመት ብቻ ነበር፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የጸደቀው የጄኔቫ ስምምነትም ከ1951 በፊት በተከሰቱ ነገሮች የተሰደዱትን ብቻ፣ ፈራሚው አገር ከፈለገም የአውሮፓን ጉዳይ ብቻ የሚመለከት ነበር። ይህ ገደብ የተነሣው በ1967 ፕሮቶኮል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 1969፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የራሳቸውን ስምምነት አጸደቁ፤ በዚህም መሠረት በግሉ የተሳደደ ብቻ ሳይሆን በወረራ፣ በባዕድ አገዛዝ ወይም የሕዝብን ጸጥታ ክፉኛ ባወከ ነገር ምክንያት ድንበር ያቋረጠ ሁሉ ስደተኛ ተባለ። በአንድ ሌሊት አምስት ሺህ ሰው ወንዝ ሲሻገር እያንዳንዱን ለየብቻ ጠይቆ መወሰን ስለማይቻል፣ ከተወሰነ አካባቢ የመጣን ሕዝብ በጅምላ ስደተኛ ብሎ የመቀበል ልማድ በአፍሪካ የጸናው በዚህ ስምምነት መንፈስ ነው።

በኢትዮጵያ የመዝገብንና የእህልን ዝምድና ከኢታንግ የበለጠ የሚያስረዳ ቦታ የለም። ከ1983 ጀምሮ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በባሮ ወንዝ አጠገብ በኢታንግ፣ ከዚያም በፒኙዶና በዲማ ሰፈሩ፤ በዐሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ኢታንግ ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰው የተመዘገበበት፣ በዓለም ከታወቁት ግዙፍ ጣቢያዎች አንዱ ሆኖ ነበር። መዝገቡን የሚቆጣጠረው ግን በደርግ መንግሥት ይደገፍ የነበረው የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር ስለነበር፣ ኋላ የደቡብ ሱዳን ምክትል ፕሬዚዳንት የሆኑት ታባን ዴንግ ጋይም በአንድ ወቅት ጣቢያውን ስላስተዳደሩ፣ ለስደተኛ የመጣው እህል ከፊሉ ለተዋጊ ይውል እንደነበር በሰፊው ተጽፏል። ራሱን ችሎ ቆጠራ ማካሄድ ያልቻለው ለጋሽ ወገን የቀረበለትን ቁጥር ተቀብሎ እህሉን ይልክ ነበር። ግንቦት 1991 ደርግ ሲወድቅ ኢታንግ በቀናት ውስጥ ባዶ ሆነ፤ ሰዉ ወደ መጣበት ድንበር ተመለሰ፤ ከፒኙዶ የወጡት፣ ያለ ወላጅ የመጡት ወንዶች ልጆች ደግሞ በረሃ አቋርጠው ኬንያ ካኩማ ደረሱ፤ ከእነርሱም በሺዎች የሚቆጠሩት ከዓመታት በኋላ አሜሪካ ገቡ።

በምሥራቅ ደግሞ በ1988 ሐርጌሳ ስትደበደብ የተሰደዱት ሶማሌዎች ሐርቲሼክ ላይ ሰፈሩ። ቦታው ውሃ አልነበረውምና ውሃው በቦቴ ይመላለስ ነበር፤ ጣቢያው ግን ከውጭ በሚገባ ጨርቅና ራዲዮ የሚታወቅ ትልቅ ገበያ ሆነ። ድንበሩን ወዲያና ወዲህ የሚጋሩት ቤተ ዘመዶች ስለነበሩ፣ ማን ስደተኛ ማን ባላገር እንደሆነ መለየት ለመዝገብ ያዥ ቀላል አልነበረም። ጣቢያው በ2004 ተዘጋ።

ዛሬ ምዝገባው በጣት አሻራና በዓይን ብሌን ምስል ይካሄዳል። ድንበር ላይ ባለ መግቢያ የደረሰ ቤተሰብ መጀመሪያ በቤተሰብ ደረጃ ይቆጠራል፣ ክትባትና የምግብ እጥረት ምርመራ ይደረግለታል፣ ከዚያ ወደ ጣቢያ ተጓጉዞ ሙሉ ታሪኩ ይወሰዳል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበት ቀዬ፣ ዝምድና፣ የጠፋ ልጅ ካለ እርሱም ይመዘገባል። በመጨረሻ የምዝገባ ማስረጃና የራሽን ካርድ ይሰጠዋል። በ2018 እና በ2019 በአገር አቀፍ ደረጃ በተካሄደው አጠቃላይ ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ የነበረው ቁጥር ወደ 650 ሺህ ገደማ ዝቅ አለ፤ የቀነሰው የሄዱት፣ ሁለቴ የተመዘገቡትና በቆጠራው ያልተገኙት ስማቸው በመሰረዙ ነው። ይህን አይቶ ስደተኛው አጭበርባሪ ነው ለማለት መቸኮል አይገባም። በጣቢያ ሕግ ቤተሰብ ማለት የራሽን ቁጥር ስለሆነ፣ የልደት ዜና ወደ ጽሕፈት ቤት ፈጥኖ ይደርሳል፣ የሞት ዜና ግን ይዘገያል፤ ለሟች የሚሰፈረው እህል በሕይወት ያሉትን የሚያቆይ ሲሆን ዝም ለማለት የማይፈተን እናት ወይም አባት ጥቂት ነው። ጥቅምት 2017 ስደተኞች ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻንና ፍቺን እንደማንኛውም ነዋሪ በመንግሥት ወሳኝ ኩነት መዝገብ ማስመዝገብ ጀመሩ፤ ለብዙ ሕፃን የልደት የምስክር ወረቀቱ ከራሽን ካርዱ ጋር ያልተያያዘ የመጀመሪያው ወረቀት ነው።

የራሽን ቀን በጣቢያው የቀን መቁጠሪያ ከማንኛውም በዓል ይበልጣል። ማከፋፈያው በእንጨት ወይም በብረት አጥር ጠባብ መተላለፊያዎች የተከፈለ ሰፊ ቦታ ነው፤ የቤተሰብ ቁጥራቸው ተመሳሳይ የሆኑት ለየብቻ ይሰለፋሉ፣ ጸሐፊው ካርዱን ያያል፣ ጣት በማሽኑ ላይ ይጫናል፣ ከዚያ እህሉ፣ አተር ወይም ባቄላው፣ ዘይቱና ጨው በየተራ ይሰጣል። ሃምሳ ኪሎው ጆንያ ለአንድ ትንሽ ቤተሰብ ስለሚበዛ ጥቂት ቤተሰቦች ተቧድነው ይወስዱና ውጪ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው ይካፈሉታል፤ ከጣሳ የፈሰሰችው ፍሬ ተለቅማ ወደ ጆንያዋ ትመለሳለች። ጠብ ቢነሣ የሚነሣው እዚህ ነው፣ መስፈሪያው ጎደለ በሚል።

እህሉ ቤት ሲገባ ሌላ ሒሳብ ይከተላል። የሚሰጠው ዱቄት ሳይሆን ፍሬ ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ በነፃ አይፈጭም። ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ከእህሉ ቆንጥሮ ለወፍጮ ይሰጣል ወይም ሸጦ ይከፍላል፤ ማሽላና በቆሎ የለመደው የኑዌር ወይም የአኙዋ ሰው ስንዴ ሲሰጠው፣ ሩዝና ፓስታ የለመደው ሶማሌም እንዲሁ ሲገጥመው፣ በርካሽ ሸጦ የሚወደውን በውድ ይገዛል። ማገዶ፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ የልጅ ደብተር፣ የስልክ ካርድ የሚገዛውም ከዚያው ጆንያ ነው። ስለዚህ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለአንድ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ብሎ የሚነሣበት 2,100 ካሎሪ ሙሉ በሙሉ ቢሰጥ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይበላም። አልፎ አልፎ የጣቢያው እህል በአካባቢው ገበያ ላይ ሲገኝ የሚነሣው ወቀሳ ይህን ሒሳብ ይዘነጋዋል። በአንዳንድ ጣቢያዎች ከፊሉን በጥሬ ገንዘብ መስጠት የተጀመረው በዚሁ ምክንያት ሲሆን፣ ገበያው ቅርብ በሆነበት ቦታ ውጤቱ መልካም ነው፤ የእህል ዋጋ በናረ ጊዜ ግን ያው ገንዘብ ግማሽ ጆንያ አይገዛም።

ያውም ሙሉው ራሽን ካለ ነው። በለጋሾች ገንዘብ መጉደል የተነሣ በኢትዮጵያ የስደተኞች ራሽን ኅዳር 2015 በ16 በመቶ፣ ኅዳር 2021 በ40 በመቶ፣ ሰኔ 2022 ደግሞ በ50 በመቶ ተቀነሰ። በሰኔ 2023 የዕርዳታ እህል በስፋት ተመዝብሮ መገኘቱን ተከትሎ የአሜሪካ የዕርዳታ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም በመላው አገሪቱ የምግብ ዕርዳታን ሲያቋርጡ ስደተኞቹም አብረው ተቀጡ፤ ለእነርሱ እህል እንደገና መሰጠት የጀመረው በጥቅምት ነው። በእነዚያ ወራት እርሻ የሌለው፣ ለመሥራት የሚሄድበት የሌለው ሰው ምን በላ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ብድር፣ ልመና፣ የጫካ ቅጠልና ወደ ጦርነት አገር መመለስ ነበር። ምዝበራውን መርምሮ ማስቆም ግዴታ መሆኑ አያከራክርም፤ ተቀባዩን ለይቶ የሚያቆይ መንገድ ሳያዘጋጁ ሁሉን በአንድ ቀን መዝጋት ግን የአስተዳደር ድክመት እንጂ ጥንቃቄ አይባልም።

የጣቢያው የበላይ አስተዳዳሪ መንግሥት ነው። ለረጅም ጊዜ ሥራውን የያዘው፣ ከደኅንነትና ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ጋር ተጣምሮ የቆየውና በስደተኛውም በሠራተኛውም ዘንድ «አራ» እየተባለ የሚጠራው የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች ጉዳይ አስተዳደር ሲሆን፣ አሁን የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ተብሏል። በየጣቢያው አስተባባሪ፣ የጥበቃና የጤና ኃላፊዎች አሉት፤ ከፍተኛ ኮሚሽኑ ገንዘቡንና የሕግ ከለላውን ይከታተላል፤ ውሃውን፣ መጸዳጃውን፣ ትምህርቱን ደግሞ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ይከፋፈሉታል። ስደተኛው ለአንድ ቧንቧ ብልሽት የትኛው ቢሮ መሄድ እንዳለበት ለማወቅ ዓመት የሚፈጅበት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በታች ያለው የነዋሪው የራሱ መዋቅር ነው። ጣቢያው በዞን፣ ዞኑ በብሎክ ይከፈላል፤ የብሎክ መሪዎችና የዞን መሪዎች ይመረጣሉ፣ ከእነርሱ በላይ የስደተኞች ማዕከላዊ ኮሚቴ አለ፣ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራትም ጎን ለጎን ይቆማሉ። በጋምቤላ ጣቢያዎች ሌሊት የሚዞሩት፣ ሰልፍ የሚያስከብሩት፣ ጠብ የሚገላግሉት የነዋሪው ጠባቂዎች ከሱዳን በመጣው ስማቸው «ሹርታ» ይባላሉ፤ መሣሪያ አይዙም፣ ደመወዛቸውም ማበረታቻ የምትባል ትንሽ ክፍያ ናት። ጠለፋ፣ የከብት ጥሎሽ ክርክር፣ የባልና ሚስት ጠብ በአብዛኛው በሽማግሌ ያልቃል፤ የነፍስ ማጥፋትና የአስገድዶ መድፈር ጉዳይ በሕጉ መሠረት ወደ ኢትዮጵያ ፖሊስና ፍርድ ቤት መሄድ አለበት፤ ነገር ግን ሽማግሌዎች ካሣ ቆርጠው የሚዘጉት ጉዳይ ጥቂት አይደለም፣ በዚያም የምትጎዳው ሴቲቱ ናት። በማበረታቻ ክፍያ የሚሠሩት ደግሞ ሹርታዎች ብቻ አይደሉም፤ አስተማሪው፣ አስተርጓሚው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛው፣ ቦኖ ጠባቂዋ ሁሉ ስደተኞች ናቸው፤ ከጎናቸው ተመሳሳይ ሥራ ከሚሠራው ኢትዮጵያዊ ባልደረባቸው ያነሰ ማግኘታቸው የዘወትር ቅሬታ ነው።

ሴቶች ቀኑን የሚጀምሩት ጄሪካን ቦኖው ላይ በማሰለፍ ነው። በጋምቤላ ለኩሌ፣ ለቲርኪዲና ለንጉኝዬል ጣቢያዎች የተዘረጋው ትልቅ የውሃ መስመር ለኢታንግ ከተማም ስለሚደርስ በዚህ ረገድ ሁኔታው ከቦቴ ዘመን እጅግ ይሻላል። ማገዶ ግን መፍትሔ አላገኘም፤ ጫካው በራቀ ቁጥር የሴቶቹ መንገድ ይረዝማል፣ አደጋውም ይጨምራል፣ የአካባቢው ሰው ቁጣም እንዲሁ። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ነዋሪ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ በደቡብ ሱዳን ታኅሣሥ 2013 ጦርነት ከፈነዳ በኋላ ክልሉ ያስጠለላቸው ስደተኞች ቁጥር ከዚህ ጋር የሚስተካከል ሆነ። አብዛኞቹ ስደተኞች ኑዌሮች መሆናቸው በኑዌርና በአኙዋ መካከል ያለውን የቆየ የሥልጣንና የመሬት ፉክክር አባብሶታል። የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች የተመረጡበት መሬትም ቢሆን ሁልጊዜ የታሰበበት አልነበረም፤ በ2014 የሌይቹር ጣቢያ በባሮ ጎርፍ ተጥለቅልቆ ነዋሪዎቹ በተከታዩ ዓመት ጄዊ ወደሚባል አዲስ ጣቢያ ተዛወሩ።

በአማራ ክልል ያለው ታሪክ አጭር ቢሆንም የጣቢያ ኑሮ ከአገሩ ሰላም ተለይቶ እንደማይቆም ያሳያል። በትግራይ ጦርነት የሺመልባና የሕፃጽ ጣቢያዎች ከወደሙ በኋላ ከማይ ዓይኒና ከዓዲ ሐሩሽ የወጡ ኤርትራውያን ከ2022 ጀምሮ በሰሜን ጎንደር ዳባት አቅራቢያ በተቋቋመው አለምዋጭ ጣቢያ ሰፈሩ። በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ የገቡት በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ ተጠለሉ፤ ዝርፊያና ጥቃት ስለበዛባቸው በግንቦት 2024 ከሺህ የሚበልጡት ጣቢያውን ለቀው በእግራቸው ወጡ፣ መንገድ ላይ ታገዱና ለወራት ጫካ ውስጥ ከረሙ፤ በዚያው ዓመት ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወሩ። ካርድ፣ ኮሚቴና ሹርታ ታጣቂን አይመልሱም።

ሕጉ በበኩሉ ሰውን ከጣቢያ ለማውጣት መንገድ ጀምሯል። በ2004 የወጣው የመጀመሪያው የስደተኞች አዋጅ ስደተኛ የሚኖርበትን ቦታ መንግሥት እንዲወስን ይፈቅድ ነበር፤ በ2010 ኤርትራውያን ወጪያቸውን የሚችል ዘመድ ወይም ዋስ ካላቸው ከጣቢያ ውጪ እንዲኖሩ ተፈቀደ፤ ጥር 2019 የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1110 ደግሞ የመሥራትን፣ የመንቀሳቀስን፣ የባንክ ሒሳብ የመክፈትን፣ መንጃ ፈቃድ የማውጣትን መብት በጽሑፍ አሰፈረ። ይህ በአፍሪካ ከተጻፉት ሁሉ ለጋስ ከሚባሉት አዋጆች አንዱ ነው። ሆኖም የሥራ ፈቃዱ ለውጭ ዜጎች ከተፈቀደው ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ኢትዮጵያዊ ሊሠራው የሚችለውን የጉልበት ሥራ ሁሉ በቀጥታ አይከፍትም። በአዲስ አበባ ከ70 ሺህ በላይ ስደተኞች ተመዝግበው ይኖራሉ፤ ኤርትራውያኑ በጎፋ መብራት ኃይልና በሌሎች ሰፈሮች፣ ሶማሌዎቹ በቦሌ ሚካኤል በኪራይ ቤት ተጠግተዋል፤ ብዙዎቹ ከውጭ ዘመድ በሚላክ ገንዘብና መደበኛ ባልሆነ ሥራ የሚተዳደሩ ሲሆን፣ የቤት ኪራይ ሲጨምር የሚደርስላቸው ካርድ የለም።

ከሁሉም የራቀ ርምጃ የታየው በሶማሌ ክልል ነው። በዶሎ አዶ አካባቢ ባሉት አምስት ጣቢያዎች፣ ከእነርሱም አራቱ ከ2010 ወዲህ በተከፈቱት፣ በኢኬአ ፋውንዴሽን የብዙ ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ በገናሌ ወንዝ ዳር መስኖ ተጠልፎ ስደተኛውና የአካባቢው ሰው በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መሬቱን ተካፍለው ያርሱበታል፤ የፀሐይ ኃይል፣ የከብት ዕርባታና የማገዶ ምትክ ማኅበራትም ተቋቁመዋል። ከጅግጅጋ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው ቀብሪበያህ በ1991 የሰፈሩት ሶማሌዎች ልጆች ዛሬ የራሳቸውን ልጆች ያሳድጋሉ፤ ጣቢያው ከከተማው ጋር ተጋጥሞ ያደገ ሲሆን የጀረር ሸለቆ የውሃ መስመር ሁለቱንም ያጠጣል። መንግሥት እንዲህ ያሉትን ጣቢያዎች ቀስ በቀስ ከከተማ አስተዳደር ጋር ለማዋሐድ አስቧል። ጣቢያው ቀበሌ ከሆነ የማዘጋጃ ቤቱ በጀት በነዋሪው ቁጥር ልክ ማደግ አለበት፣ የውሃ ክፍያ መሰብሰብ አለበት፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው ወደ ትምህርትና ጤና ቢሮዎች መዞር አለባቸው፤ ለጋሾች ደግሞ ለእህል የሚሰጡትን ለአስተማሪ ደመወዝ ለመስጠት መስማማት ይኖርባቸዋል፤ እስካሁን ድርድሩ የሚጠነክረው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው።